ኡሙ አይመን (ረ.ዐ.)፦ ከአገሯ ዱቄት አንድ ቂጣ

የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አባት ዐብዱላህ በወጣትነታቸው ሲሞቱ ትተውት ያለፉት ሀብት ለመቁጠር አያደክምም። ኢብኑ ሰዕድ እንደመዘገበው አምስት ግመሎች፣ ጥቂት በጎችና አንዲት ሐበሻዊት ባሪያ ናቸው። የባሪያይቱ ስም በረካ ቢንት ሰዕለባ ይባላል። ኋላ የበኩር ልጇን ስትወልድ ኡሙ አይመን ተባለች፤ ሙስሊሙም እስከ ዛሬ የሚያውቃት በዚሁ ስም ነው።

ስለ ሐበሻና ስለ ኢስላም ሲነሳ በየመስጂዳችንና በየመድረሳችን ቀድመው የሚጠሩት ቢላልና ነጃሺ ናቸው፤ ይገባቸዋልም። ኡሙ አይመን ግን ብዙ ጊዜ የነቢዩ ሞግዚት ነበረች ተብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ትታለፋለች። ልጆች በፈተና ላይ ስሟን ይጽፋሉ፣ ነጥቡን ያገኛሉ፣ ከዚያ በኋላ አያስታውሷትም። እኛ ደግሞ በተለይ በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒ፣ በበበቃና በአካባቢው ላሉ ወገኖቻችን ከዚህ ጠለቅ አድርገን ልናስተዋውቃት ወደድን። ምክንያት አለን።

በቡና አገር ዓመቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ብር ያለበት ወራትና ብር የሌለበት ወራት። እሸቱ ተለቅሞ ጀንፈሉ ሲሸጥ ዕዳ ይከፈላል፣ ለልጆች ልብስ ይገዛል፣ ለመስጂድ ግንባታም ይዋጣል። ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ሲከብድ ደግሞ ቤት ውስጥ ያለው ጎደሬና ቆጮ፣ በማሰሮ የሚፈላውም የቡና ቅጠል ጨሞ ብቻ ይሆናል። አንዳንዱም ቡናው ገና አረንጓዴ ሳለ ለነጋዴ ይሸጠዋል። (ፍሬ መብሰሉ ሳይታይ መሸጥን ነቢዩ መከልከላቸው በቡኻሪም በሙስሊምም የተዘገበ ነውና፣ ይህን የሚያደርግ ወንድም ዑለማ ቢጠይቅ ለገንዘቡም ለዲኑም ይበጀዋል።) ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዘይቱና የስኳሩ ዋጋ ሲጨመርበት ክረምቱ ከበፊቱ ረዘመ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚህ ወቅት ሰደቃ የሚባለው ነገር ወደ ቡና ሽያጭ ይቀጠራል። ቡናው ሲሸጥ እንሰጣለን ይባላል። ሲሸጥ ደግሞ የሚጠብቀው ዕዳ ብዙ ነው። እጁ ባዶ የሆነ ሰው በዚህ መካከል ባሉት ወራት ምን ሊሰጥ ይችላል? የኡሙ አይመን ሕይወት ከዳር እስከ ዳር ከዚህ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው።

ነቢዩ ስድስት ዓመታቸው ሳለ እናታቸው አሚና ወደ የስሪብ፣ ማለትም ወደ ኋለኛዋ መዲና፣ የአባታቸውን ዘመዶች በኒ ነጃርን ሊያስጎበኟቸው ይዘዋቸው ሄዱ። ሁለት ግመሎች ነበሯቸው፤ አብራቸው የሄደችው ኡሙ አይመን ናት። አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ሲመለሱ አሚና አብዋእ በተባለ ቦታ ታመው ሞቱ። አስቡት፤ ከመካ ገና ሩቅ ናቸው፣ ልጁ ከአባቱ በኋላ እናቱንም አጥቷል፣ ከአጠገቡ ያለችው አንዲት ባሪያ ብቻ ናት። ኡሙ አይመን ሕፃኑን በነዚያው ሁለት ግመሎች ይዛ መካ ገባች፤ ለአያታቸው ለዐብዱል ሙጠሊብም አስረከበች። የታሪክ መጻሕፍት ይህን ጉዞ በአንድና በሁለት መስመር ያልፉታል። በየሌሊቱ ማን እሳት እንዳነደደ፣ ልጁ እናቱን ሲጠይቅ ማን ምን ብሎ እንደመለሰ አይነግሩንም። ያ ሁሉ ሥራ የማን እንደነበር ግን ግልጽ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዐብዱል ሙጠሊብም ሞቱ። የስምንት ዓመቱ ልጅ ከቃሬዛው ኋላ እያለቀሰ ሲሄድ እንዳየች የተናገረችው እርሷ ናት። ስለ ልጅነታቸውም የተረከችው አለ፤ ራበኝ ወይም ጠማኝ ብለው ሲያማርሩ አይታቸው አታውቅም፣ ጠዋት ዘምዘም ጠጥተው ምሳ ሲቀርብላቸው ጠግቤያለሁ የሚሉበት ቀን ነበር። ይህን ሊያስተውል የሚችለው በየዕለቱ ምግብ የሚያቀርብ ሰው ነው። በሲራ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ነቢዩ ልጅነት ያለን እውቀት በከፊል ከዚህች ሴት ጓዳ የወጣ ነው።

ነቢዩ ኸዲጃን (ረ.ዐ.) ባገቡ ጊዜ ኡሙ አይመንን ነጻ አወጧት። ከኸዝረጅ ጎሳ የሆነ ዑበይድ ኢብኑ ዘይድ የሚባል ሰው አግብቷት አይመንን ወለደች። ከነቢይነት በኋላ ደግሞ እርሱም የባርነት ሕይወትን ያየው ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳ አገባት፤ ልጃቸው ኡሳማ ነው። ነቢዩ የጀነት ሴት ማግባት የሚሻ ኡሙ አይመንን ያግባ ማለታቸውና ዘይድ ይህን ሰምቶ ማግባቱ ይተረካል፤ የዘገባው ሰንሰለት ላይ የሐዲስ ሊቃውንት ቢነጋገሩበትም የሲራ ጸሐፊዎች አልተዉትም። ዘይድ ቀላ ያለ፣ ኡሳማ ጠቆር ያለ ስለነበሩ በልጁ ዘር ላይ የሚያሙ ነበሩ። አንድ ቀን አባትና ልጅ ተሸፋፍነው ተኝተው እግራቸው ብቻ ሲታይ፣ ዘር በመለየት የታወቀ ሙጀዚዝ የተባለ ሰው እነዚህ እግሮች አንዱ ከሌላው ነው ብሎ መሰከረ። ነቢዩ በዚህ ተደስተው ፊታቸው እያበራ ወደ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) መግባታቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ሐሜቱ የነካው ኡሳማን ብቻ አልነበረም። የእናቲቱንም ክብር የነካ ነበር፤ የነቢዩ ደስታ ከዚህ አንጻር ሲታይ ይበልጥ ይገባናል።

ወደ መዲና ስለተደረገው ሂጅራዋ የሚነገረው ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ነቢዩ ዘይድንና አቡ ራፊዕን ሁለት ግመሎችና አምስት መቶ ዲርሃም ሰጥተው ወደ መካ ላኩ፤ እነርሱም ፋጢማን፣ ኡሙ ኩልሱምን፣ ሰውዳን፣ ኡሙ አይመንንና ኡሳማን ይዘው መጡ። በሁለተኛው ደግሞ ኡሙ አይመን ጾመኛ ሆና በመንገድ ላይ ጥም ሲበረታባት ከሰማይ በነጭ ገመድ የወረደ ባልዲ ውሃ ጠጣች፤ ከዚያ በኋላ በብርቱ ሙቀት ቀን እየጾመች እንኳ ጥም አልተሰማትም ይባላል።

መዲና ሲደርሱ ሙሃጂሮቹ እጃቸው ባዶ ነበር። አንሷሮች መሬትና ተምር ነበራቸው። የሆነውን አነስ ኢብኑ ማሊክ ተርኮታል፤ አንሷሮች የዛፎቻቸውን ፍሬ በየዓመቱ ለሙሃጂሮች ሊያካፍሉ፣ ሙሃጂሮቹ ደግሞ የማሳውን ሥራ ሊሠሩ ተስማሙ። የቡና አገር ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም፤ የእኩል የምንለው ነው። ከዚህ ሌላ መኒሓ የሚባል ስጦታ ነበር፤ ዛፉ ወይም እንስሳው የባለቤቱ እንደሆነ ይቆያል፣ ፍሬውን ወይም ወተቱን ግን የተቸገረው ሰው ይጠቀማል። ጥገት ላም ለጎረቤት እንደማዋስ ያለ ነው። ጥሬ ገንዘብ የሌለው ሰው ሰጪ የሚሆንበት አንዱ በር ይህ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ ተነስተው ወደ ከፋና ኢሉባቦር የሰፈሩ ቤተሰቦች ልጆች፣ የመጀመሪያው ዓመት ምን ያህል በጎረቤት እጅ ላይ እንደሚወድቅ ከወላጆቻቸው ሰምተዋል። በጫካ ቡና ግርጌ በራሱ የሚበቅለውን ችግኝ ለአዲስ መጪ ነቅሎ መስጠት ሰጪውን አንድ ሳንቲም አያስወጣውም፤ ተቀባዩ ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ ይለቅምበታል።

የአነስ እናት ኡሙ ሱለይም ለነቢዩ ጥቂት የተምር ዛፎች በዚህ መንገድ ሰጥታ ነበር። ነቢዩ ዛፎቹን ለራሳቸው አላስቀሩም፤ ለኡሙ አይመን አሳለፉላት። ዓመታት አለፉ። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ኸይበር ከተከፈተ በኋላ ሙሃጂሮች ራሳቸውን ሲችሉ የአንሷሮችን ዛፍ ለየባለቤቱ መለሱ። (በሌላው የአነስ ዘገባ ነገሩ ከበኒ ቁረይዛና ከበኒ ነዲር ርስት ጋር ተያይዞ ይነገራል።) አነስም ቤተሰቦቹ ልከውት የእናቱን ዛፎች ሊጠይቅ ሄደ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስገርመው። ኡሙ አይመን እምቢ አለች! የአነስን አንገት በልብሱ አንቃ ይዛ ዛፎቹ የተሰጡኝ ናቸው፣ አይመለሱም ብላ በአላህ ማለች። ነቢዩ በምትኩ ይህን ያህል እሰጥሻለሁ ይሏታል፤ እርሷ አይሆንም ትላለች። ይጨምራሉ፣ አይሆንም ትላለች። እንዲህ እያሉ አሥር እጥፉን ወይም ወደዚያ የተጠጋ እስኪሰጧት ድረስ ቀጠለ። ሊቃውንት ሲያብራሩት ስጦታው የዘላለም መስሏት ነበር፤ ነቢዩም አሳዳጊያቸው ናትና ልቧን ሳይሰብሩ በራሳቸው ሀብት አስደሰቷት ይላሉ።

እኛ ይህን ታሪክ ከሌሎቹ ሁሉ አብልጠን እንወደዋለን። ስለ ደጋግ ሰዎች ሲነገር ድህነት ጨርሶ የማይሰማቸው አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ነው። ኡሙ አይመን ዛፍ አልነበራትም፤ ስታገኝ ወደደችው፤ ሊወሰድባት ሲል ታገለች። ሰው ናት። ዛፏን አጥብቃ የያዘችው ይህችው ሴት ደግሞ ቀጥለን እንደምናየው ያላትን ሳትጠየቅ የምትሰጥ ናት። ሁለቱ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ በክረምት ለልጆቿ ያስቀመጠችውን ዱቄት የምትሰስት እናት ያንኑ ቀን ለታመመች ጎረቤቷ አጥሚት ይዛ እንደምትሄድ ሁሉ።

ኢብኑ ማጀህ የዘገበው ሐዲስ አለ። አንድ ቀን ኡሙ አይመን ዱቄት በወንፊት ነፍታ ለነቢዩ ቂጣ ጋገረች። ነቢዩ ይህ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። በአገራችን የምንሠራው ምግብ ነው፣ ከእርሱ ለእርስዎ ልጋግርልዎ ወደድሁ ብላ መለሰች። በዘመኑ በመዲና ዱቄት መንፋት የተለመደ አልነበረም፤ ገብሱ ተፈጭቶ ገለባው እፍ ተብሎ የቀረው ይቦካ ነበር። ነቢዩ የተነፋውን ግርድ መልሳ ከዱቄቱ ጋር እንድታቦካው ነገሯት።

ይህን ሐዲስ የሐበሻ ልጅ ሲያነብበው ሌላ ነገር ያያል። ኡሙ አይመን ከአገሯ ከወጣች ዕድሜ ሙሉ ሆኗታል። በባርነት ተወስዳ፣ በባዕድ ቋንቋ ኖራ፣ ልጆች ወልዳ፣ አርጅታ እንኳ ወንፊቱን አልረሳችም። የአገሯን ሙያ ለምትወደው ሰው ይዛ ቀረበች። ያላት ስጦታ ያ ነበር፤ ጥቂት ዱቄትና የእጇ ሥራ። ነቢዩ ስጦታውን አልናቁም፣ ሴቲቱንም አላሳፈሩም። ግርዱ እንዳይጣል ግን ነገሯት። ዛሬ ከወፍጮ ቤት የሚወጣው ፉርሽካ ለከብት መኖ ይሸጣል፤ በዚያ ዘመን ግን ግርዱ ለአንድ ተጨማሪ ሰው የሚበቃ ቁራሽ ነው። ቤት ውስጥ ያለው እንዳይባክን ማድረግና ለሰው መስጠት በዚህ ቂጣ ላይ አንድ ሥራ ሆነው ይታያሉ።

ምላሷም የአገሯን ነገር አልተወም። ዐረብኛው ይከብዳት ነበር፤ ሰላምታ ስታቀርብ ቃላቱ ተዛብተው ትርጉማቸው የሚገለበጥበት ጊዜ ነበር። ነቢዩ አጭሩን ሰላም ብቻ እንድትል ፈቀዱላት። በሑነይን ቀን ለሙጃሂዶች ዱዓ ስታደርግም ፊደሉን መለየት አቃታት ይባላል፤ ነቢዩ ምላስሽ ያስቸግርሻልና ዝም በይ አሏት። ቤንችኛ፣ ሸክኛ፣ ከፍኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ሶፍ ጎን ለጎን በሚሰግዱበት አገር፣ ፋቲሓ ሲቀራ ፊደል የሚያምታታ አዛውንት አይጠፋም። የሚስቅበት ወጣትም እንዲሁ። ያ ወጣት ኡሙ አይመንን ቢያውቅ መልካም ነበር።

በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ በኡሑድ ውሃ ታጠጣና ቁስለኞችን ታክም ነበር። ሙስሊሞች ተበትነው ሲሸሹ አንዳንዶቹን አግኝታ አፈር በፊታቸው በተነች፤ እንዝርቷን ዘርግታም ይህን ይዛችሁ ፍተሉ፣ ሰይፉን ለእኛ ስጡን አለቻቸው። ይህን የዘገበው ዋቂዲ ነው። በኸይበርም ተገኝታለች። የነቢዩ ልጅ ዘይነብ ስትሞት ገላዋን ካጠቡት ሴቶች አንዷ ነበረች። ውሃ ማቅረብ፣ ቁስል ማሰር፣ ሬሳ ማጠብ፤ ሁሉም በገንዘብ የማይገዛ ሥራ ነው። በየእድራችን እነዚህን ሥራዎች የሚሠሩትን ሴቶች እናውቃቸዋለን። በመዋጮ መዝገብ ላይ ስማቸው ከታች ነው የሚገኘው።

8ኛው ዓመተ ሂጅራ ከበዳት። በጁማደል ኡላ ባሏ ዘይድ በሙእታ ሰራዊቱን እየመራ ተገደለ። በዚያው ዓመት በሸዋል የበኩር ልጇ አይመን በሑነይን ሰማዕት ሆነ። ያ ልጅ ነቢዩን ከብበው ከጸኑት ጥቂቶች አንዱ ነበር። ስሟን የሰጣትን ልጅ ቀበረች ማለት ነው። የቀራት ኡሳማ ነው፤ እርሱም ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው ወይም በዚያ ገደማ ታላላቅ ሰሃባዎች ያሉበትን ጦር እንዲመራ በነቢዩ ተሾመ። የባሪያ ልጅ፣ ገና ወጣት፣ እንዴት ይመራናል የሚሉ ተነሱ። ነቢዩም በሕመም ላይ ሳሉ ወጥተው ሹመቱ እንደሚገባው ተናገሩ፤ በአባቱ ላይም ከዚህ በፊት እንዲሁ ብላችኋል ሲሉ ወቀሷቸው።

ነቢዩ ኡሙ አይመንን ይጎበኟት ነበር፤ ይቀልዱባትም ነበር። አንድ ጊዜ የምትጓዝበት እንስሳ ብትጠይቃቸው በግመል ልጅ ላይ አስቀምጥሻለሁ አሏት። የግመል ልጅ አይችለኝም ብላ ስትቃወም፣ የትኛው ግመል ነው የግመል ልጅ ያልሆነው ብለው አሳቋት። ሌላ ቀን ደግሞ አነስ አብሯቸው ሄዶ ያየውን ሙስሊም ዘግቦታል። ኡሙ አይመን የሚጠጣ ነገር በዕቃ አቀረበች፤ ነቢዩ ጾመኛ ሆነው ይሁን ሳይፈልጉ ቀርተው አልጠጡም። እርሷም ድምጿን ከፍ አድርጋ ተቆጣቻቸው! የአላህ መልእክተኛን በኩርፊያ ጠጡ ብላ የምትቆጣ ሌላ ሰው ማን ነበር? የእናት ቁጣ ነው። ቤት ያፈራውን ሳይቀምሱ መሄድ በእኛም አገር እንዲሁ ያስቆጣል፤ ጨሞም ቢሆን።

ከነቢዩ ሞት በኋላ አቡ በክር ለዑመር (ረ.ዐ.) ነቢዩ እንደሚጎበኟት እኛም ኡሙ አይመንን እንጎብኛት አሉ። አንዱ የሙስሊሞች መሪ፣ ሌላው ከእርሳቸው ቀጥሎ መሪ የሚሆኑ ናቸው፤ ሰራዊት መላክና ዘካ መሰብሰብ የሚጠብቃቸው ጊዜ ነበር። ሲደርሱ አለቀሰች። አላህ ዘንድ ያለው ለመልእክተኛው የተሻለ መሆኑን ሊያጽናኗት ነገሯት። ይህንማ አውቃለሁ፣ የማለቅሰው ከሰማይ የሚወርደው ወሕይ ስለተቋረጠ ነው አለች። እነርሱም አብረዋት አለቀሱ። ሊያጽናኑ የሄዱት ሰዎች ከእርሷ የተማሩት ነገር ይዘው ተመለሱ።

የሞተችበት ጊዜ ላይ ሁለት አስተያየት አለ። ዙህሪ ከነቢዩ ሞት አምስት ወር በኋላ ነው ይላል፤ ዋቂዲ ደግሞ በዑስማን ኸሊፋነት መጀመሪያ ያደርገዋል። የዑመር መገደል ሲሰማ ዛሬ ኢስላም ተዳከመ ብላ ማልቀሷ የሚተረክ በመሆኑ ሁለተኛውን የሚያጠናክሩ አሉ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ የዑመር ልጅ ዐብዱላህ በመዲና መስጂድ ተቀምጦ ሳለ አንድ ሰው ገብቶ ሰገደ። ሩኩዑንም ሱጁዱንም ሳያሟላ ቸኩሎ ጨረሰ። ዐብዱላህ ጠርቶ ድገም አለው። ሰውየው ሲሄድ ይህ ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ሐጃጅ ነው፣ የኡሙ አይመን ልጅ የአይመን ልጅ ተባለ። ዐብዱላህም ነቢዩ ይህን ቢያዩት በወደዱት ነበር አለ፤ ከዚያም ነቢዩ ኡሙ አይመን ለወለደቻቸው ሁሉ የነበራቸውን ፍቅር ይዘረዝር ጀመር።